«የሞተው» ጠርሙስ

ተረት የሚመስለው ሰው ካለ አሁኑኑ ወደ ሌላ ቻናል ይለፍ። አልቀየምም።

ይሄ የሆነው አምቦ ውስጥ ነው። በ2011 ዓ.ም.፣ በግንቦት ወር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

ሌሊት አይደለም። መብራትም አልጠፋም። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ተማሪዎች ዛፍ ጥላ ስር ተዘርረው ይሳሳቁ ነበር።

ይህን አስቀድሜ የምናገረው «ጨለማ ስለሆነ ነው የፈራችሁት» የሚል አዋቂ ስለማይጠፋ ነው።

ጨለማ አልነበረም...

ጃለኔ እባላለሁ። ታሪኩ የኔ ሳይሆን የጓደኛዬ የሶረቲ ነው። አጥራችን አንድ ነው፤ አብረን ነው ያደግነው። ከአፏ የሰማሁትን እሷ ባየችው ዓይን እነግራችኋለሁ። መጨረሻውን ግን እኔም በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ።

ደግሞ ላስፈራራችሁ ብቻ አይደለም የምጽፈው። እስከ ዛሬ ንዴቱ ስላልወጣልኝም ነው።

ሶረቲ አንድ ወንድም ነበራት። ለሊሳ ይባላል። ባጃጅ ነጂ ነበር፤ ተጫዋች፣ ነገር አዋቂ፣ ሰው ሁሉ የሚወደው ልጅ።

አስም ነበረበት።

ከልጅነቱ ጀምሮ አተነፋፈሱ ለብቻው ነበር። ሁለት አጭር ወደ ውስጥ... አንድ ረጅም ወደ ውጭ። ሲነሳበት ሶረቲ አጠገቡ ተኝታ ታዳምጠዋለች። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ድምፁ ከጠፋባት ብድግ ብላ ትነቀንቀዋለች። እናታቸው አዴ ድንቅቱ ደግሞ ከጓዳ ብቅ ብለው ስሙን ሲጠሩት ደረቱ ቀስ እያለ ይመለሳል።

በ2010 ነሐሴ ላይ ለሊሳ ባጃጁን ሊያጥብ ጉደር ወንዝ ወረደ። ነጂ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ያን ቀን አምቦ ጠብታ አልዘነበም። ላይኛው አገር ግን ዘንቦ ኖሯል።

ደራሽ ውሃ መጣ።

ባጃጁ ታች ድንጋይ መሃል ተሰንቅሮ ተገኘ። ለሊሳ አልተገኘም።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጡ። ጎረቤት መጣ። «አዴ ድንቅቱ፣ እርምዎን ያውጡ» ብለው ለመኗቸው። ሬሳው ላልተገኘ ሰው የሚደረገው ይኸው ነው። ድንኳን ይጣላል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ይለቀሳል፣ ሞቱ ይታመናል። ከዚያ በኋላ የቀረው ሰው መኖር ይችላል።

እሳቸው እምቢ አሉ።

«ሬሳውን አሳዩኝና አለቅሳለሁ» አሉ። «እግዜር ያጽናዎት» ያላቸውን ሰው ከበር መለሱት።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሚኒባስ ተሳፍረው ጉደር ይወርዱ ጀመር። መጀመሪያ ድልድዩ ላይ ቆመው ያዩ ነበር። ቀጥሎ ሜዳው ላይ ወርደው ተቀመጡ። ቀጥሎ ውሃው የሚመታው ድንጋይ ላይ። ሚያዝያ ላይ ሶረቲ ልትመልሳቸው ስትሄድ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው አገኘቻቸው።

«ይጠራኛል» አሏት። «ወደዚህ ስቀርብ እሰማዋለሁ።»

ሶረቲ እጃቸውን ይዛ ጎትታ አወጣቻቸው። ከዚያ ወደ ወንዙ ዞረች።

«ወንድሜን በልተሃል» አለችው። «እናቴን አልሰጥህም።»

አብሬያት ሄጄ ነበርና ይህን ከዳር ቆሜ ሰምቻለሁ። የምትቀልድ አትመስልም ነበር።

ሶረቲ ያኔ የማስተርስ ተማሪ ነበረች። ጥናቷን የሚሰማ ሁሉ ይስቅባታል። ባህር በሌለው አገር፣ ያውም አምቦ ተቀምጣ፣ ወንዝና ባህር ሲገናኙ ስለሚሆነው ነገር ነበር የምታጠናው።

ስትገልጸው ቀላል ነው። «ወንዝ ሻይ ነው» ትላለች። ቅጠሉ፣ ሣሩ፣ እበቱ፣ አፈሩ፣ የሞተው ሁሉ ይዘፈዘፍበታል። ከዚያ የሚሟሟው ነገር በዓይን አይታይም፣ በወንፊትም አይያዝም። ካርቦን ነው። እሱን የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ። ሲበሉ ይተነፍሳሉ። ሲተነፍሱ ውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል።

ወንዙ ባህር ሲደርስ ደግሞ ጨው ይቀበለዋል። ከወንዙ ጋር የመጡት ባክቴሪያዎች ብዙዎቹ ይሞታሉ። የባህሮቹ ይነሱና ከማዕዱ የተረፈውን ይጨርሳሉ።

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባል የለ? የሶረቲ ጥያቄ ይሄ ነበር። መጨረሻ ላይ ግንዱን የሚበላው ማነው? የአምቦው ሁሉቃ ወንዝ ጉደር ይገባል። ጉደር ዓባይ ይገባል። ዓባይ ባህር ይገባል። ከኛ ሰፈር የሄደውን ማን በላው?

ባህሩ ድረስ መሄጃ ስላልነበራት ባህሩን ወደ አምቦ አመጣችው። ከጉደር ውሃ ቀዳች። በልክ በልኩ ጨው ጨመረችበት። ጠርሙስ ውስጥ አሽጋ ብርሃን የማያስገባ ሳጥን ውስጥ ደረደረችው። በየክዳኑ ኦክስጅን የሚለካ ሽቦ ገብቶ ከኮምፒውተር ይገናኛል። ኦክስጅኑ ሲቀንስ ስክሪኑ ላይ መስመር ይወርዳል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው።

«ሌላ ጥናት አጣሽ?» አልኳት አንድ ቀን። ከለሊሳ በኋላ ውሃ ማየት እኔን እንኳ ያመኝ ነበር።

«የበላውን ማወቅ እፈልጋለሁ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ደግሜ አልጠየቅኳትም።

ከጠርሙሶቹ መሃል አንዱ ይለያል። መርዝ ይጨመርበታል። ውስጡ ያለ ነፍስ ሁሉ ይሞታል። የሌሎቹ መስመር ሲወርድ የእሱ ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። ማነጻጸሪያ ነው። ላብራቶሪው ውስጥ ስሙ «የሞተው» ነበር።

መጀመሪያ ያየችው ጉሙን ነው።

ሳጥኑን ስትከፍት ጠርሙሶቹ ሁሉ ደረቅ ናቸው። «የሞተው» ብቻ ከውጭ በኩል ጉም ለብሷል... ሰው አፉን አስጠግቶ እፍ እንዳለበት መስታወት።

በጋዋኗ እጅጌ ጠረገችው።

ወዲያው መልሶ ለበሰ።

ትንሽ ነገር ነው ብላ አለፈችው። ቀጥሎ ኮምፒውተሩን አየች። የሌሎቹ መስመር ቁልቁል ይወርዳል። ደንቡ ነው። የ«ሞተው» መስመር ግን ይወርዳል... ይወጣል። ይወርዳል... ይወጣል።

ጨለማ ውስጥ የታሸገ ውሃ ኦክስጅን ያጣል እንጂ ከየት ያመጣል?

«ኦቦ ኤጄታ!» ብላ ተጣራች።

ኦቦ ኤጄታ የላብራቶሪው ቴክኒሻን ናቸው። የሰፈራችን ሰው ናቸው፤ ለሊሳንም ከዳዴው ጀምሮ ያውቁታል።

«ይሄን ጠርሙስ ነክተውታል?»

ሰውየው አንገታቸውን አከክ አከክ አደረጉ።

«ትንሽ ጎድሎ አየሁትና... ሞላሁት። አየር ይገባበታል ብዬ።»

«በምን ሞሉት?»

«የተጣራው ውሃ አልቆ ነበር...»

«በምን ሞሉት ኦቦ ኤጄታ?»

«በአምቦ ውሃ።»

ሶረቲ ጠርሙሱን አንስታ አየችው።

«ካፌ ወርጄ ነው የገዛሁት! አዲስ ነው፣ እኔው ነኝ የከፈትኩት!»

ሳቋ አመለጣት። እሳቸውም ሳቁ። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። የኛ አገር ሰው እንዲህ ነው እኮ! ሆድ ሲነፋ አምቦ ውሃ፣ እንግዳ ሲመጣ አምቦ ውሃ፣ ጥናት ሲጎድል አምቦ ውሃ። ጋዝ ያለው ውሃ ተጨምሮበት መለኪያው ቢያብድ ምን ይገርማል?

ደፋችው። አዲስ ሠራች። በራሷ እጅ ቀዳች፣ ጨው ለካች፣ መርዙን እጥፍ አድርጋ ጨመረች። ክዳኑን አጥብቃ ሳጥኑን ቆለፈች። ቁልፉን ኪሷ ከተተች።

በማግስቱ ከፈተችው።

ጉም ለብሷል...

መስመሩም ይወርዳል፣ ይወጣል።

አሁን የሚስቅ አልነበረም። ወንበር ስባ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠችና ልብ ብላ አየችው። መስመሩ ትንሽ ይወርዳል። ቆም ይላል። አሁንም ትንሽ ይወርዳል። ከዚያ በረጅሙ፣ ቀስ እያለ ይወጣል።

ሁለት አጭር።

አንድ ረጅም።

ወዲያው አወቀችው።

«ለሊሳ?» አለች በሹክሹክታ።

መስመሩ ቆመ።

ቀጥ አለ። ትንፋሹን እንደዋጠ ሰው... የሚያዳምጥ ሰው...

ከዚያ ቀስ ብሎ ቀጠለ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

እኔ ብሆን በሩን ገንጥዬ ነበር የምወጣው። ሶረቲ ግን ሶረቲ ናት፤ ስትፈራ እልህ ይይዛታል። ወንበሯን ይበልጥ አስጠጋችና መፈተን ጀመረች።

«ጃለኔ» አለች። ምንም የለም። (ስሜን መጥራቷን በኋላ ስትነግረኝ ልገድላት ነበር።)

«ኤጄታ።» ምንም።

«ሶረቲ።» ምንም። የራሷ ስም ነው። ወንድሟ ቢሆን ይሄን እንዴት አያውቅም?

ከዚያ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ «ሀርሜ» አለች። በኦሮምኛ እናቴ ማለት ነው፤ እሷና ለሊሳ እናታቸውን የሚጠሩት በዚሁ ነው።

መስመሩ ዘለለ።

ወረደ ወጣ፣ ወረደ ወጣ፣ ወረደ ወጣ። ጉሙ ከ«ሞተው» አልፎ አጠገቡ ወዳሉት ጠርሙሶች ተዛመተ። ክዳኑ ሲጥ አለ... ሰው ከውስጥ ሆኖ በአውራ ጣቱ የሚገፋው ይመስል።

ሶረቲ ብድግ አለች።

«አታገኛትም» አለችው። «ሰማህ? አታገኛትም።»

ልትደፋው እጇን ሰደደች። እዚህ ላይ የሆነውን አትደብቅም፤ እኔም አልደብቅላትም። ጠርሙሱን ስትይዘው ሞቃት ነበር። የተኛ ልጅ ደረት ያህል ይሞቃል። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም እጇ ውስጥ ተሰማት። ዘጠኝ ወር ሙሉ የናፈቀችው ትንፋሽ ነው። አለቀሰች። መድፋት አቃታት። መልሳ አስቀመጠችውና ሳጥኑን ቆለፈች።

ዞር ስትል ኦቦ ኤጄታ በሩ ላይ ቆመዋል። ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ተተክሏል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ሶሬ...» አሉ ቀስ ብለው። «ይሄ አተነፋፈስ... የዚያ ልጅ አይደለም?»

«ዝም ይበሉ።»

«እኔ አውቀዋለሁ እኮ። ባጃጁ ላይ ስንት ጊዜ...»

«ኦቦ ኤጄታ፣ ማሎ! እለምንዎታለሁ። ሀርሜ እንዳትሰማ። ከሰማች ከዚያ ወንዝ መቼም አትመለስም።»

«ኤዬ፣ እሺ» አሉ። «ኤዬ ልጄ። ከአፌ አይወጣም።»

ቃላቸውን የሰጡት ከልባቸው ነው። ግን ሰውየው ደግ ናቸው። ደግ ሰው ደግሞ አንዲት እናት ስታለቅስ እያየ ምስጢር አይችልም።

አሁን ከላይ ወዳልኳችሁ ሰዓት ደረስን። አርብ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ሶረቲ ቆርጣ መጣች። ጓንቷን አጠለቀች። መርዝ ያለበት ውሃ የሚጠራቀምበትን ጀሪካን ሳጥኑ አጠገብ አስቀመጠች። በመስኮቱ የተማሪዎቹ ሳቅ ይገባል።

ሳጥኑን ከፈተች። ስክሪኑን አየች።

መስመሩ እየዘለለ ነበር።

እሷ ምንም ስም አልጠራችም። ማንንም አልጠራችም። ምን ሆኖ ነው የሚዘለው?

ኮሪደሩ ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ።

በሩ ተከፈተ። አዴ ድንቅቱ ናቸው። ነጠላቸው ተዛብቷል፣ የቀሚሳቸው ጫፍ ርሶ ጭቃ ይዟል። ከወንዙ ቀጥታ ነው የመጡት። ከኋላቸው ኦቦ ኤጄታ አንገታቸውን ደፍተዋል።

«ልጄ የት ነው?»

«ሀርሜ፣ ነይ እንውጣ።»

«ልጄ የት ነው አልኩሽ!»

ሶረቲ መሃል ገብታ ቆመች። እናቷ በክንዳቸው ገፋ አድርገዋት አለፉ። ሳጥኑ ፊት ሲደርሱ ጉሙ ወፍሮ፣ ጠብታ ሆኖ በጠርሙሱ ጎን ይወርድ ነበር። እንባ ይመስላል። ሶረቲ ይሄን ስታስታውስ እስከ ዛሬ ጥርሷን ታፋጫለች። እንባ እንዲመስል ነው ያደረገው ትላለች።

አዴ ድንቅቱ ጆሯቸውን አስጠጉ።

ሁለት አጭር።

አንድ ረጅም።

ፊታቸው በራ። ከነሐሴ ወዲህ ያልታየ ፊት ነው። ሶረቲ ያን ብርሃን ስታይ ያለቀላት መሰላት። እናቷን አጣቻቸው። ወንዙ አሸነፈ።

«ለሊሳ ኮ...» አሉ እናትየው። ለሊሳዬ ማለታቸው ነው። እጃቸውን ወደ ጠርሙሱ ዘረጉ።

ትንፋሹ ፈጠነ።

«መጣሁ እኮ... እናትህ ነኝ... ቀስ በል...»

ይበልጥ ፈጠነ። አሁን ሁለት አጭር አንድ ረጅም የሚባል ነገር ጠፋ። የሚጎነጭ፣ የሚውጥ፣ የሚጣደፍ ነገር ሆነ። ስክሪኑ ላይ የሌሎቹ ጠርሙሶች መስመሮች በአንድ ጊዜ ወደ ታች ተሰበሩ። ሳምንት የሚፈጀው በዓይን ጥቅሻ አለቀ። በዙሪያው የነበረውን ሁሉ በልቶ ጨርሷል።

የአዴ ድንቅቱ እጅ አየር ላይ ቆመ።

ጣታቸው ከጠርሙሱ የቀረው ስንዝር አይሞላም።

«ሶሬ» አሉ። ድምፃቸው ተለውጧል።

«አቤት ሀርሜ።»

«ወንድምሽ ሲያፍነው፣ የኔን ድምፅ ሲሰማ ምን ይሆን ነበር?»

«ይረጋጋ ነበር።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

አዴ ድንቅቱ እጃቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡ።

«ይሄ ድምፄን ሲሰማ ራበው» አሉ።

ውጭ አንድ ተማሪ ጓደኛውን በስሙ ጠርቶ ሳቀ።

እናትየው ቀጥ ብለው ቆሙ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ጠርሙሱን እየተመለከቱ የተናገሩትን ሶረቲ ቃል በቃል ነው የነገረችኝ።

«አንተ» አሉት። «ሥጋውን በልተሃል። ትንፋሹን አጥንተሃል። እናቱን ግን አታውቃትም። እኔ ልጄን ከነሳሉ፣ ከነሲቃው ነው ያሳደግኩት። ልጄ ሲጠራኝ ለራሱ ብሎ አይደለም፤ እንዳልደነግጥ ብሎ ነው። አንተ ዘጠኝ ወር ወንዝ ዳር ስትጠራኝ የኖርከው ልትበላኝ ነው። ከዛሬ በኋላ እንባዬን እንኳ አትቀምሳትም።»

ትንፋሹ ሲቃ ያዘው። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም... ሁለት አጭር... በደንብ አስመስሎ፣ አሳዝኖ፣ እየደከመ...

ኦቦ ኤጄታ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

አዴ ድንቅቱ ግን ጀርባቸውን ሰጡት።

«ኤጄታ፣ ድንኳን አስጥልልኝ» አሉ። «ነገ እርሜን አወጣለሁ። ልጄ ሞቷል።»

መስመሩ ቀጥ አለ።

ሶረቲ ክዳኑን ነቀለች። ውሃውን ጀሪካኑ ውስጥ አንቆረቆረችው፣ ጠብታ ሳታስቀር። አንድ ነገር ብቻ ግራ ገባት። ጠርሙሱ ባዶ ሆኖም ሙሉውን ያህል ይከብድ ነበር።

በዚያው አሽጋ ከጀሪካኑ ጋር የመርዝ መጋዘን ውስጥ ቆለፈችበት።

ቅዳሜ ድንኳን ተጣለ።

ሰው ጎረፈ። ከጌዶ ዘመድ መጣ፣ ከጊንጪ መጣ። የባጃጅ ነጂዎች ሥራ አቁመው መጡ። የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን መጡ። አዴ ድንቅቱ ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፍ ላይ ተቀመጡና የለሊሳን ፎቶ አቅፈው አለቀሱ። ዘጠኝ ወር የታፈነ ለቅሶ እንዴት እንደሚወጣ አትጠይቁኝ። እኔ ራሴ እየጮህኩ ነበር። ሶረቲም ከነሐሴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት አለቀሰች።

ያ ለቅሶ ያስደስት ነበር ብል ይገባችኋል? እናቷ ተመለሱላት። እዚያው ለቅሶ መሃል ሽሮ በእንጀራ ቀርቦላቸው በሉ። ጎረቤት ሁሉ ዓይኑን ማመን አቃተው።

ለእሁድ አጥቢያ ያልታሰበ ዝናብ ጣለ። ጠዋት ለቅሶ ደራሹ ሲሰበሰብ ሸራው መሃሉ ላይ ውሃ ቋጥሮ ወደ ታች ረግቦ ነበር። ሰው ላይ እንዳይወርድ ብለው ኦቦ ኤጄታ በረጅም እንጨት ከስር ገፉት። ውሃው በሸራው ጫፍ ተንዶ ግቢው ላይ ተደፋ።

እዚህ ጋ ልብ በሉልኝ።

ያ ግቢ ቁልቁል ነው፣ ወደ አጥሩ በር ያዘነበለ። ያደግኩበት ነው፣ አውቀዋለሁ። እዚያ የተደፋ ውሃ ሁሉ ወደ መንገዱ ነው የሚሄደው። ሌላ መሄጃ የለውም።

ይሄኛው ወርዶ ቆመ።

ከዚያ... ሽቅብ ሄደ።

ቀጭን ሆኖ፣ ቀስ ብሎ፣ ዓይኑ የማያይ ሰው ግድግዳ እየዳበሰ እንደሚሄደው። አንዱን ድንጋይ ዞረ። የሰዎቹን ጫማ ዞረ። እኔ አጠገብ ሲደርስ እግሬን ሰበሰብኩ። አልነካኝም፤ እኔን ፈልጎ አይደለም። ወደ ምንጣፉ ነው የሚሄደው።

መዘምራኑ አንድ በአንድ ድምፃቸው ጠፋ።

ሶረቲ ዘላ ልትገባበት ተነሳች።

«ተቀመጪ» አሉ አዴ ድንቅቱ።

«ሀርሜ!»

«ተቀመጪ አልኩሽ። ይምጣ።»

ውሃው መጣ። ከባዶ እግራቸው ፊት፣ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ።

እናትየው ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ወደ መዘምራኑ ዞሩና በደረቁ «ማን አቁሙ አላችሁ?» አሉ። «ለልጄ ነው የምትዘምሩት። ዘምሩ!»

አንዷ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ ጀመረች። ሌሎቹ ተቀበሏት። እኔም ተቀበልኩ፤ ዘፈን እንኳ በወጉ የማልችለው ሴት ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ዘመርኩ። ግቢው በሙሉ ቆሞ ዘመረ።

ፀሐይ ወጣች። ጭቃው ደረቀ። ሸራው ደረቀ።

ያ ውሃ አልደረቀም።

ወደዚያ ላለማየት ብዙ ታገልኩ። መጨረሻ ላይ ግን አየሁት። ጫፉን ነው ያየሁት፣ ከአዴ ድንቅቱ እግር ትይዩ ያለውን። ድቡልቡል አልነበረም። ሁለት ቦታ ተከፍሎ ከእግራቸው ጋር ፊት ለፊት ገጥሟል።

ጣት ነበረው። አሥር።

አዴ ድንቅቱ እግራቸውን አልሰበሰቡም።